«አልጠየቃችሁኝማ»፦ የተጋጨ ሞተር ስንሸጥ



ያገለገለ ሞተር ሳይክል የሚሸጥባቸውን የቴሌግራም ቻናሎች የሚከታተል ሰው የማስታወቂያዎቹን ቃላት ሳያስበው ይሐፍዛቸዋል። «በጣም ንጹሕ»፣ «ምንም ያልተነካካ»፣ «ኦሪጅናል ቀለም»፣ «ገዝቶ መንዳት ብቻ»። «ተጋጭቶ ያውቃል» የሚል ግን እስካሁን አላጋጠመንም። በአዲስ አበባ መንገድ ላይ አራትና አምስት ዓመት የተነዳ ሞተር ሁሉ አንድም ቀን ሳይወድቅ የኖረ ይመስላል። መንገዱን የምናውቅ ሰዎች ይህ ሊሆን እንደማይችል እናውቃለን።

ስለዚህ ነገር በጀመዓችን ጋዜጣ መጻፍ ምን አመጣው የሚል ይኖራል። ያመጣው ገዢዎቹም ሻጮቹም እኛው እየሆንን መምጣታችን ነው። በ2011 ዓ.ም. ክረምት መግቢያ ላይ የከተማ አስተዳደሩ በሞተር የሚፈጸም ዝርፊያን ምክንያት አድርጎ ልዩ ፈቃድ የሌላቸው ሞተሮች አዲስ አበባ ውስጥ እንዳይንቀሳቀሱ ሲከለክል፣ ፈቃድ ያላገኘ ሰው ምርጫው ሞተሩን ማቆም ወይም ወደ ክልል መሸጥ ነበር። ከዚያ ወዲህ ደግሞ የዴሊቨሪ ሥራ ሰፋ። ዛሬ ወሎ ሰፈር ላይ ከዙህር በኋላ ብትቆሙ ከኋላቸው ሣጥን የጫኑ ሞተረኞች ትዕዛዝ ሲጠብቁ ታያላችሁ፤ ከመካከላቸው ዲግሪ ይዘው ሥራ የሚጠብቁ፣ አንዳንዴም ገና ትምህርት ላይ ያሉ ወንድሞች አሉ። ቤተሰብ ላም ሸጦ፣ እህት ከዐረብ አገር ልካ፣ ዕቁብ ወጥቶ የሚገዛ ሞተር ነው። አዲሱ ስለማይቻል የሚገዛው ያገለገለ ነው።

ባለፈው ክረምት አንድ ወንድማችን ሊገዛ ሲል «እናንተ መካኒካል ናችሁ፣ እዩልኝ» ብሎን አብረነው ሄድን። ቦታው ወሎ ሰፈር፣ ከኢትዮ ቻይና ጎዳና ገባ ብሎ ነበር። ሻጩ ሠላሳ ዓመት ገደማ የሚሆነው፣ አነጋገሩ ለስላሳ፣ ጨዋ ሰው ነው። ዐስር ደርሶ ስለነበር ከሱ ጋር መስጊድ ሄደን ሰግደን ተመለስን። ሞተሩ ታጥቦ ያበራል። ችግሩ ከሚገባው በላይ ማብራቱ ነበር፤ የኋላው ፓራፋንጎ ፀሐይ ያነጣው ሲሆን የፊተኛው አዲስ ነው። የፊት መብራቱም አዲስ ነው። መሪውን ወደ ግራ አጥፈን ከሥር ስናይ፣ መሪው ከልክ በላይ እንዳይዞር ሻንሲው ላይ የተበየደችው ትንሽ ማቆሚያ ተጨፍልቃለች። እሷን ዝም ብሎ የሚጨፈልቃት የለም። የፊት ጎማው በኃይል ከአንድ ነገር ጋር ሲላተም ነው እንዲያ የምትሆነው።

«ወንድሜ፣ ይሄ ሞተር ከፊት ተጋጭቷል እንዴ?» አልነው።

«አዎ፣ አምና። ተሠርቷል ግን፤ አሁን ምንም የለውም።»

«ታዲያ ለምን አልነገርከንም?»

«አልጠየቃችሁኝማ! ብትጠይቁኝ እነግራችሁ ነበር፤ አልዋሽም እኮ።»

እውነቱን ነው፤ አልዋሸም። ስንጠይቀው ወዲያው ነገረን። ያቃናው መካኒክም እዚያው አጠገባችን ቆሞ ነበር፤ እሱም አልዋሸም፣ ምንም አልተናገረምና። ወንድማችን ሞተሩን ሳይገዛ ተመለሰ፤ እኛም መንገዱን ሙሉ «አልጠየቃችሁኝማ» በምትለዋ ቃል ስንከራከር መጣን። ከመካከላችን «ሰውየው ምን አጠፋ? ገዢ ራሱ ማየት አለበት» ያለም ነበር። ይህ ጽሑፍ የዚያ ክርክር ውጤት ነው።

ኢማሙ ሙስሊም ከአቡ ሁረይራ (ረ.ዐ) የዘገቡትን የእህል ክምር ሐዲስ የማያውቅ የለም፤ መድረሳ ያልገባ እንኳ ከኹጥባ ሰምቶታል። ነገር ግን ሁላችንም የምናስታውሰው መጨረሻውን ነው፤ ያጭበረበረ ከእኛ አይደለም የሚለውን። መካከሉን ቀስ ብለን እናንብበው። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) በገበያ ሲያልፉ እጃቸውን ወደ ክምሩ ከተቱ፣ ውስጡን እርጥብ ሆኖ አገኙት፣ ባለቤቱን ምንድን ነው ብለው ጠየቁት። ሰውየው አልካደም። ዝናብ መትቶት ነው አለ። ዝናቡን ያዘነበው እሱ አይደለም፤ ሲጠየቅም እውነቱን ተናገረ። ልክ እንደ ወሎ ሰፈሩ ወንድማችን! ነቢዩም (ሰ.ዐ.ወ) «ስለዋሸህ» ብለው አልወቀሱትም። የወቀሱት ሰዎች እንዲያዩት እርጥቡን ከላይ ባለማድረጉ ነው። ጥፋቱ የክምሩ አደራደር ነበር፤ ደረቁ ከላይ፣ እርጥቡ ከታች። ከገዢው የሚጠበቅ ምርመራም አልተጠቀሰም፤ ለምን እጁን አልከተተም አልተባለም። እርጥቡን ወደ ላይ የማውጣት ግዴታ የተጣለው እርጥብ መሆኑን በሚያውቀው ላይ ነው።

አዲስ ፓራፋንጎና አዲስ መብራት ደረቁ እህል ናቸው። የታጠፈውና የተቃናው ብረት ከሥር አለ።

ሌላም አለ። ወተቱ በጡቷ እንዲጠራቀም ሳትታለብ የቆየች ግመል ወይም በግ ስለመሸጥ የመጣው ሐዲስ ቡኻሪና ሙስሊም ዘንድ ይገኛል። በዚያ የሚሸጠው ሰው አንዲት ቃል አልተነፈሰም፤ እንስሳዋ ራሷ በጡቷ «ወተታም ነኝ» ብላ እንድትዋሽለት አደረገ እንጂ። ገዢው ግን ሲያልባትና ሲያውቅ የመመለስ መብት ተሰጠው። ለሽያጭ ሲባል ብቻ ቀለም የተቀባ ሞተርም ከዚህ ብዙ አይርቅም።

አሁን ወደ ብረቱ እንምጣ፤ «ተሠርቷል፣ ምንም የለውም» የሚለው ቃል በምህንድስና ዓይን መታየት አለበት። ብረት እስከተወሰነ ጫና ድረስ ይለጠጥና ጫናው ሲነሳ ወደ ቦታው ይመለሳል። ከዚያ ካለፈ እንደታጠፈ ይቀራል። በመጭመቂያም ሆነ በመዶሻ ሲቃና ለዓይን ቀና ይሆናል እንጂ ያለፈበትን አይረሳም። ልጅ ሆነን የሽቦ መኪና ስንሠራ ሽቦውን አንድ ቦታ ላይ እያጠፍን እያቃናን እንሰብረው አልነበር? ያው ነው። የሞተር የፊት ጎማ የተንጠለጠለው በሁለት ቱቦዎች ላይ ነው፤ ፍሬን በተያዘ ቁጥር፣ ጉድጓድ በተገባ ቁጥር ጫናው እዚያ ያርፋል። የታጠፈበት ቦታ ላይ ለዓይን የማይታይ ስንጥቅ ከተፈጠረ በየጉድጓዱ ጥቂት ጥቂት ያድጋል፤ የሚሰበረው ግን ድንገት ነው፣ ያውም አብዛኛውን ጊዜ ጫናው በበዛበት በፍሬን ሰዓት። በተጨማሪም ቱቦው ላይ ያለው ክሮም ሲታጠፍ ይሰነጣጠቅና ጎሚኒውን እየበላ ዘይት ያስወጣል፤ ዘይቱ ወርዶ የፍሬን ዲስክ ላይ ሲያርፍ ምን እንደሚሆን መናገር አያስፈልግም። ሻንሲው ራሱ የመሪው አንገት አካባቢ ትንሽ ከታጠፈ ደግሞ የፊት ጎማው ያዘነበለበት አንግል ይለወጣል። በሰፈር ውስጥ በ30 ሲነዱት ምንም አይሰማም፤ ከወሎ ሰፈር ወደ ጎተራ በሰፊው መንገድ 70 ሲገባ መሪው መንቀጥቀጥ ይጀምራል። ገዢው ሲሞክረው የነዳው በሰፈር ውስጥ ነበር።

መኪና ቢሆን ላሜራው አለ፣ ቀበቶው አለ። የሞተረኛ ላሜራ የራሱ አጥንት ነው። ስለዚህ የደበቅነው እንከን ዋጋ በብር ብቻ የሚተመን አይደለም።

ይህ ማለት የተጋጨ ሞተር ሁሉ አይሸጥ ማለት አይደለም። የታጠፈው ቱቦ ወጥቶ አዲስ ከገባ፣ ሻንሲው ተለክቶ ቀና ከሆነ፣ ሞተሩ ብዙ ዓመት በሰላም ሊሄድ ይችላል። መቀየርና ማቃናት ግን አንድ አይደሉም፤ ገዢው የትኛው እንደተደረገ የማወቅ መብት አለው። የመስታወት (ስፖኪዮ) ጭረት ወይም የፍሬን መያዣ ጫፍ መፋቅ ከዚህ ጋር አይቆጠርም፤ ከላይ ይታያል፣ ዋጋም ብዙ አይቀንስም። ፉቀሃዎች ዐይብ የሚሉት በነጋዴዎች ልማድ ዋጋውን የሚቀንሰውን ወይም የሚፈለግበትን ጥቅም የሚያጓድለውን ነው። ከፊት የተጋጨ ሞተር በየትኛውም ደላላ ልማድ ዋጋው ይቀንሳል። ባይቀንስ ኖሮ ማን ይደብቀው ነበር?

«እንዳለ ነው የሸጥኩልህ» የሚለውስ? ሻጩ ከእንከን ኃላፊነት ነጻ ነኝ ብሎ ቢሸጥ ውሉ ምን ይሆናል በሚለው ላይ መዝሀቦች የተለያዩበት ዝርዝር አለ፤ ያን ለኡስታዞቻችን እንተወው። የሚያውቀውን እንከን የደበቀ ሰው ወንጀለኛ መሆኑ ላይ ግን ልዩነት የለም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የአገራችን የፍትሐ ብሔር ሕግም ሻጭ ለሸጠው ዕቃ እንከን ዋስ እንዲሆን ያደርጋል። ሰነድን በተመለከተ፣ ሊብሬ የባለቤቱን ስም፣ የሻንሲና የሞተር ቁጥር ይነግረናል፤ ሞተሩ አምና ከምን ጋር እንደተላተመ አይነግረንም። አሜሪካ ውስጥ በአደጋ ክፉኛ ተጎድቶ ኢንሹራንስ የጣለው ተሽከርካሪ የባለቤትነት ወረቀቱ ላይ ምልክት ይደረግበታል። እኛ ዘንድ ያ ወረቀት የሻጩ ምላስ ብቻ ነው።

ክርክሩ ሲጦፍ የሚመጣው ጠንካራ መከራከሪያ ግን ሌላ ነው። «ሁሉም ስለሚዋሽ ገዢው አስቀድሞ ዋጋ ቀንሶ ነው የሚመጣው፤ እኔ ደግሞ እውነቱን ብናገር ሁለት ጊዜ ይቀነስብኛል» ይላሉ። ይህን በቀላሉ የምናልፈው አይደለም። አሜሪካዊው የምጣኔ ሀብት ሊቅ ጆርጅ አከርሎፍ በ1970 እ.ኤ.አ. ያገለገለ መኪና ገበያን ምሳሌ አድርጎ የጻፈው ይህንኑ ነው፤ ገዢ ጥሩውን ከመጥፎው መለየት ካልቻለ ለሁሉም የመጥፎ ዋጋ ይሰጣል፣ ያኔ ጥሩ ዕቃ ያለው ሰው ከገበያው ይወጣል፣ ገበያውም ለመጥፎው ይቀራል። በ2001 እ.ኤ.አ. ከሁለት ባልደረቦቹ ጋር የኖቤል ሽልማት አግኝቶበታል። (ፍሬሽማን ላይ ኢኮኖሚክስን «ለኢንጂነር ምን ያደርጋል» ብለን ስናማርር የነበረው ለካ ይጠቅማል።) እና አዎ፣ እውነት የተናገረ ሻጭ ሊከስር ይችላል። «እውነት ተናገር፣ የበለጠ ታተርፋለህ» እያሉ የሚሰብኩትን ትንሽ እንጠንቀቃቸው፤ በብር ከቆጠርነው ብዙ ጊዜ እንዲያ አይሆንም። 150 ሺህ ይሸጥ የነበረው ሞተር እውነቱ ሲነገር 120 ሺህ ቢሆን 30 ሺህ ብር ቀርቷል፤ ለተማሪ ወይም ለሞተረኛ ደግሞ 30 ሺህ ብር ቀልድ አይደለም። ሐኪም ኢብን ሒዛም (ረ.ዐ) ባስተላለፉት ሐዲስ ገዢና ሻጭ እውነት ቢናገሩና ቢገልጹ በረካ እንደሚሆንላቸው፣ ቢደብቁና ቢዋሹ በረካው እንደሚጠፋ ተነግሮናል። የተባለው በረካ እንጂ ትርፍ አይደለም።

ደግሞ ያ 30 ሺህ ብር ሞተሩ በተጋጨ ቀን የጠፋ ገንዘብ ነው። ጥያቄው ማን ይሸከመው ነው፤ ሲጋጭ ይነዳው የነበረው ወይስ ከመጋጨቱ በኋላ የመጣው ሰው። ዝም ያለ ሻጭ የራሱን ክሳራ በሌላ ሰው ትከሻ ላይ አራግፎ ሄደ። ወደ ገጠር የሚሸጠው ደግሞ ይብሳል። ደላላዎች «ለክልል ነው» ሲሉ ብዙ አይመረምርም ማለታቸው ነው፤ ያ ክልል የተባለው ሰው ግን ኮምቦልቻ ወይም ከሚሴ ያለ የአክስታችን ልጅ ነው፤ ቢበላሽበት የሚያይለት በቅርብ የለውም።

እዚህ ላይ አንድ አደገኛ አስተሳሰብ ሰምተናል። ዑቅባ ኢብን ዓሚር (ረ.ዐ) ያስተላለፉትና ኢብን ማጃህ የዘገቡት ሐዲስ ሙስሊም ለወንድሙ እንከን ያለበትን ዕቃ ሳይገልጽ መሸጥ እንደማይፈቀድለት ይናገራል፤ ከዚህ ተነስቶ «ገዢው ሙስሊም ካልሆነስ?» የሚል አለ። ሱረቱል ሙጠፊፊንን የቀራ ሰው ይህን አይጠይቅም። የሰፈሩትን የሚያጓድሉ ሰዎች የተወገዙበት ሱራ ስለ «ሰዎች» ነው የሚናገረው፤ ናስ ነው ቃሉ። ወሎ ሰፈር ላይ ከጎረቤታችን ጋር ቡና ስንጠጣ ኖረን ሞተር ስንሸጥለት ሃይማኖቱን የምናስታውስ ከሆነ ነገሩ ፊቅህ አይደለም፤ ስግብግብነት ነው።

ስለዚያ ዝም ብሎ ስለቆመው መካኒክም እናንሳ፤ ለእኛ ይበልጥ የሚነካን እሱ ነውና። ወደፊት ከመካከላችን ሞተር ሻጭ የሚሆነው ጥቂት ነው፤ አውቆ አጠገብ የሚቆመው ግን ብዙ ነው። ኢማሙ ገዛሊ ኢሕያ ውስጥ የዋሲላ ኢብኑል አስቀዕን (ረ.ዐ) ታሪክ ያነሳሉ። ሰሐባው በቆሙበት አንድ ሰው ግመል በ300 ዲርሀም ሸጠ። ገዢው ሲሄድ ዋሲላ ከኋላው እየጮሁ ተከተሉት፤ ለሥጋ ነው ወይስ ለመጋለቢያ የገዛሃት ብለው ጠየቁት። ለመጋለቢያ አለ። ኮቴዋ ላይ ቀዳዳ እንዳለና መንገድ እንደማትዘልቅ ነገሩት። ሰውየው ሊመልሳት መጣ፤ ሻጩም 100 ዲርሀም ቀነሰለት። ሻጩ ሽያጬን አበላሸህብኝ ብሎ ወቀሳቸው፤ እሳቸው ግን የሚያውቅ ሰው ዝም ማለት እንደማይፈቀድለት ከነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) መስማታቸውን ነገሩት። ጥያቄያቸውን ልብ በሉ፤ ለሥጋ ቢሆን የኮቴው ቀዳዳ ምንም አልነበረም። ለመጋለቢያ ሲሆን ግን ሰው መንገድ ላይ ይጥላል። ሞተርም ለመለዋወጫ የሚገዛው ሰው አለ፤ ለእሱ የታጠፈ ቱቦ ምኑም አይደለም። እናቱን ከኋላ አስቀምጦ ለሚነዳው ግን ሌላ ነገር ነው።

ገዢዎችስ? ገዢም ይበድላል። አንድ ሻጭ ከራሱ ተነስቶ «ተጋጭቷል» ሲል፣ ያን ይዞ ዋጋውን ግማሽ ማውረድ፣ ሌሎች ፊት «ቆሻሻ ሞተር» ብሎ ማዋረድ የተለመደ ነው። እንዲህ የተደረገበት ሰው ሁለተኛ አይናገርም። ጀሪር ኢብን ዐብዲላህ (ረ.ዐ) ጦበራኒ በዘገቡት ታሪክ 300 የተባለላቸውን ፈረስ ከዚያ በላይ ያወጣል እያሉ ዋጋውን ራሳቸው ከፍ አድርገው በ800 ገዝተውታል። ያን ያህል ማን ይችላል? ቢያንስ የሚገባውን ቀንሰን ባለቤቱን ማመስገን አያቅተንም።

ሞተር ለመግዛት ያሰባችሁ፣ የአቡ ሹጃዕን መትን የቀራችሁ ካላችሁ የቡዩዕ ምዕራፍ መጀመሪያ ላይ ያለውን አስታውሱ፤ ተዋዋዮች እስከ ሦስት ቀን ኺያር መያዝ ይችላሉ፣ እንከን ከተገኘም ገዢ የመመለስ መብት አለው። የገበያችን ሰው ይህን የሚያውቀው ለፈተና ብቻ ይመስላል። ውሉ ላይ አንድ መስመር ነው፤ «ሻጭ ይህ ሞተር ከዚህ በፊት ደርሶበት የሚያውቀውን ግጭት ገልጿል፤ ገዢ በሦስት ቀን ውስጥ መመለስ ይችላል» ብላችሁ አጽፉ። ይህን ለመፈረም የሚያመነታ ሻጭ መልሱን ሰጥቷችኋል። ደላላው «ቶሎ በሉ፣ ሌላ ገዢ እየመጣ ነው» ካለም ሌላው ገዢ ይግዛው።

ዓይናችሁን ደግሞ እነዚህ ላይ አሳርፉ። ሁለቱ ቱቦዎች ከጎን ሲታዩ እኩል መሆናቸውን እዩ። መሪውን አጥፋችሁ ያችን ማቆሚያ ፈልጉ። የፊት ጎማውን ከመሬት አንስታችሁ መሪውን ቀስ ብላችሁ አዙሩት፤ መሃል ላይ ጎድጓዳ ውስጥ እንደገባ ቀጥ የሚል ከሆነ የአንገቱ ኩሽኔታ ተመትቷል። ከኋላ ጎማ እስከ ፊት ጎማ ሲባጎ በግራም በቀኝም ወጥራችሁ ጎማዎቹ በአንድ መስመር መሆናቸውን ለኩ። አሮጌ ሞተር ላይ አዲስ ፕላስቲክ፣ ቁልፍ የበላቸው ብሎኖች፣ ከአንገቱ ሥር አዲስ ቀለም ካያችሁ ጠይቁ። ሄልመት አብሮ ከተሰጣችሁ በአደጋ አንድ ጊዜ የተመታ ሄልመት ውስጡ ያለው ፎም ሥራውን ጨርሶ ሊሆን ይችላል፤ ለጌጥ ካልሆነ አትውሰዱት።

በጀመዓችን ውስጥ መካኒካልና አውቶሞቲቭ የሚማሩ ወንድሞችና እህቶች ቁጥር ጥቂት አይደለም። ቅዳሜ ጠዋት ሁለት ሁለት ሆነን ሞተር ለሚገዛ ማንኛውም የግቢ ተማሪ ያለ ክፍያ አብረን ሄደን እናያለን ብለን ተነጋግረናል፤ የምትፈልጉ ከጁሙዓ ሶላት በኋላ የዳዕዋ ክፍሉን አነጋግሩ። እኛን ማግኘት ያልቻለ ከላይ ያሉትን ይዞ ይሂድ።

የምትሸጡ ደግሞ ማስታወቂያ ለመጻፍ ብትቸገሩ ይህን አስተካክላችሁ ተጠቀሙበት፤ እርጥቡ ከላይ እንዲሆን ከመጀመሪያው መስመር ላይ አድርገነዋል፦

«ከፊት ተጋጭቶ የተሠራ ሞተር ይሸጣል። አምና ከቆመ መኪና ጋር ተላትሟል። የቀኙ ቱቦ በአዲስ ተቀይሯል፤ የግራው ተቃንቷል፣ አልተቀየረም። ሻንሲው አልተበየደም። ፓራፋንጎና የፊት መብራት አዲስ ናቸው። ሞተሩና ማርሹ ደህና ነው፤ ፍሬኑ ይሠራል። የሠራው መካኒክ ስላለ ቀርባችሁ ጠይቁት። በሦስት ቀን ውስጥ መመለስ ይቻላል። ዋጋው ይህን ሁሉ ታስቦ የተቀነሰ ነው።»